ሳይጠርጉ ማልበስ

ሰኞ፣ ህዳር 9 ቀን 1995 ዓ.ም። ረፋድ

ዛሬም ቁልፉ አሸነፈኝ። የልጄ ቀሚስ አምስት ቁልፍ አለው። ጣቶቼ በብርድ ደርቀዋል፣ ፅጌ ጥርሷ ይንገጫገጫል፣ እኔ የላዩን ቁልፍ ታች ቀዳዳ ከትቼ መልሼ እፈታለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ከጎኔ የነበረች ሴት ልጇን በነጠላ ጠቅልላ፣ አዝላ፣ እኔ ገና ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ሳለሁ ዳገቱን ጀመረችው። ዞር ብላ ሥራሽ ምንድነው አለችኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ አልኳት። ሳቀች። እኔም በሷ ቦታ ብሆን እስቅ ነበር።

ደብተሬ፣ አንተ ሣጥን ውስጥ ተኝተህ ስለምትውል ብርድ አታውቅም። ልንገርህ። ጠበሉ ገደል ሥር ነው። ከሰቆጣ ሳይነጋ ተነስተን ቁልቁል እንወርዳለን፤ ፀሐይ እዚያ የምትደርሰው ሰው ሁሉ ተጠምቆ ከተመለሰ በኋላ ነው። ውሃው በአሸንዳ ከላይ ይወርዳል። ትልቁ ሰው እንኳ ሲያርፍበት ትንፋሹ ቁርጥ ይላል። ፅጌ ደግሞ አራት ዓመቷን የደፈነችው ባለፈው ወር ነው።

እንደ ሌላ ልጅ ብትቆምልኝ ቀላል ነበር። እጅሽን ሲሏት እጇን፣ እግርሽን ሲሏት እግሯን። እግሯ ግን አይታዘዝም። ክረምት ላይ ትኩሳት ያዛት፣ ሰነበተባት፣ ሲለቃት ሁለቱንም እግሯን ይዞ ሄደ። አሁን ድንጋዩ ላይ አስቀምጣታለሁ፣ ወደ ጎን ትወድቃለች፣ በአንድ እጄ እደግፋታለሁ፣ በአንድ እጄ አለብሳለሁ። ሱሪው ደግሞ እርጥብ ገላ ላይ አይንሸራተትም። ጉልበቷ ላይ ይቆምና እንቢ ይላል። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ እሳደባለሁ። በጠበል ቦታ።

ሁለት ሱባኤ ይዘናል። ነገሩን የቆረጡት አማቴ እማሆይ ናቸው። ባሌ ካሳ ሑመራ ለሰሊጥ አጨዳ ከመሄዱ በፊት እሺ ብሏል። እኔም እሺ ብያለሁ። ለእማሆይ እሺ ያላልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ማክሰኞ፣ ህዳር 10። ከሰዓት

የእንድሪስ ሱቅ በረንዳ ላይ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ፊቴ ነው። የሁለት ተማሪ ዩኒፎርም ተቆርጦ ይጠብቃል። አልነካሁትም። የምሰፋው የፅጌን ነው።

ሐሳቤ እንዲህ ነው። ቁልፍ የለም። እጅጌው ሰፊ፣ እጇን ፍለጋ የማያስገባኝ። ከአንገት እስከ ታች ፊት ለፊቱ ክፍት፣ ሦስት ማሰሪያ ብቻ። ሱሪ ቀርቷል። ታቹ እንደ ከረጢት ተሰፍቷል፣ ሁለቱም እግሯ አንድ ላይ ይገባል። ዘርግቼ አስቀምጣለሁ፣ ከላዩ አኖራታለሁ፣ አጥፌ አስራለሁ። አለቀ።

እንድሪስ ብቅ ብሎ አየው። ምንድነው አለኝ። የልጅ ልብስ ነው። አገላበጠውና፣ ለሕፃን ትልቅ ነው፣ ለትልቅ ልጅ ደግሞ እግር የለው አለ። ቀልድ መስሎት ነው። ወዲያው የተናገረው ገባው፣ ፊቱ ተቀየረ፣ ወደ ሱቁ ገባ። ቆይቶ አሮጌ ብርድ ልብስ ይዞ ወጣና መኪናዬ ላይ አስቀመጠው። ይሞቃል አለ። አላህ ያሽራት አለ። አሜን አልኩ። ደግ ሰው ነው፣ አፉ ነው የሚቀድመው።

ብርድ ልብሱን ለውጭው አደረግሁት። ለገበሩ የካሳን አሮጌ ጋቢ ቆረጥኩ። ሲመጣ ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ። የታጠበ አሮጌ ጋቢን የሚያህል ውሃ የሚጠጣ ጨርቅ የለም።

ረቡዕ፣ ህዳር 11። ጠዋት 3 ሰዓት

ሠራ! ከውሃው አወጣኋት፣ ቀድሜ የዘረጋሁት ልብስ ላይ አስቀመጥኳት፣ እግሯን ሰብሰብ፣ ግራ እጅ፣ ቀኝ እጅ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማሰሪያ። አጥማቂው አባ የሚቀጥለውን ሰው ሳይጠሩ ጨርሼ ቆሜያለሁ። ያቺ ሴት ዛሬም ከጎኔ ነበረች። አልሳቀችም። ማን ሰፋልሽ አለች።

አሁን ምስጢሩን ልጻፍ። ጠበል አይጠረግም። ሥርዓቱ ነው፤ ውሃው በራሱ ገላ ላይ ይደርቃል፣ የጠረገ በረከቱን ጠረገ። ፎጣ ይዞ የሚወርድ የለም። ትልቅ ሰው ነጠላውን ተከናንቦ እየተንቀጠቀጠ ይደርቃል። ልጅ ግን የሚያደርቃትን ሙቀት ከየት ታምጣ? እኔ አልጠረግኋትም። አለበስኳት ነው። ከዚያ አቅፌ ጀርባዋን እንደማባበል እሽት እሽት አደረግኋት፣ ውሃውን ሁሉ ገበሩ ጠጣው።

እማሆይ አይተውኛል። መጥተው እጃቸውን በአንገቷ በኩል ከተው ጀርባዋን ዳሰሱ። ደረቅ። ለራሳቸው በኽምጣኛ ተናገሩ። እሰማለሁ፣ እንዳልሰማ ሆንኩ። እግ/ር በስፌት አይሸወድም ነው ያሉት።

ዳገቱን ስወጣ ፅጌ ጀርባዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ሱባኤው ከተጀመረ ጀምሮ ሳታለቅስ ቤት ስትገባ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው። ደስ ብሎኛል። ስለ ልብሱ ነው ደስ ያለኝ። ስለ እግሯ ምንም የሚያስደስት አላየሁም።

ሐሙስ፣ ህዳር 12። ሚካኤል። ምሽት

ተንቀሳቀሰ። የቀኝ እግሯ አውራ ጣት።

ዛሬ ሚካኤል ስለሆነ ሕዝቡ አይጣል ነው፤ ተራ ስንጠብቅ እግሮቿን በእጄ ይዤ አሞቃለሁ። ከተጠመቀች በኋላ ስጠቀልላት አውራ ጣቷ መዳፌ ላይ ነካ አደረገኝ። ወደ ላይ። አየሁት። እንዳየሁት እምላለሁ።

ለእማሆይ ነገርኳቸው። እልል አሉ፣ ሌሎቹ ሴቶች ተቀበሏቸው፣ አባ መጥተው እግሯን በመስቀል ዳበሱላት። አንዲት የማላውቃት ሴትዮ እግሯን ሳመች። ፅጌ ሰው ሁሉ ስለሷ ደስ ሲለው ጊዜ እሷም ሳቀች። እንድሪስም ሰምቷል፣ ከረሜላ ሰጣት። እኔ ዛሬ ስፌት አልሰፋሁም፣ እግሯን ሳይ ነው የዋልኩት። ለካሳ የሚነግርልኝ ሰው ወደ ሑመራ የሚሄድ ቢገኝ እያልኩ መናኸሪያ ድረስ ሄድኩ። የለም።

ዓርብ፣ ህዳር 13። ምሽት

ምንም የለም።

ከሰዓት በረንዳው ላይ አስተኛኋትና የውስጥ እግሯን ኮረኮርኳት። ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ፣ በእጇ እየገፋችኝ፣ ተይ እማ እያለች። ሁለመናዋ ሳቀ። እግሯ ግን እዚያው ተቀመጠ። የማንም ልጅ ሲኮረኩሩት እግሩን ይሰበስባል። የሷ ሁሉንም ይሰማል፣ አይሸሽም። ግራውንም ሞከርኩ። እንደገና ቀኙን። ደግማ ደጋግማ ሳቀች፣ ጨዋታ መስሏታል።

ትናንት የተንቀሳቀሰው ምን ነበር? ብርዱ ነው። እሷ ስትንቀጠቀጥ፣ የኔም እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ጣቷ መዳፌ ላይ ተንከባለለ። ይሄው ነው። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ፣ ለዚያውም አገር አስጨብጭቤ።

ለእማሆይ እንዴት እነግራቸዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ሌላ ሰው ሆነው ነው የወረዱት። እንደ ልጃገረድ።

ቅዳሜ፣ ህዳር 14። ጠዋት

የወር አበባዬ መጣ። ሌሊቱን ሆዴን ቆርጦኝ አውቄዋለሁ። ሱባኤው ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት።

እኔ መግባት አልችልም። ከአጥሩ ውጭ ነኝ። እማሆይ ይዘዋት ይገባሉ። ምንም ማለት አልችልም፣ ሥርዓቱን እኔም አውቀዋለሁ፣ እናቴም እንዲሁ ነበረች። ዛሬ እማሆይ ብቻቸውን ተራ ሊይዙ ቀድመው ወርደው ነበር፣ እኛ ስንቀርባቸው ተመለሱ፤ ከነገ ጀምሮ እሳቸው ያስጠምቋታል። ነገ ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል።

ልብሱን አሳየኋቸው። እንዲህ ዘርግተው፣ እንዲህ አጥፈው፣ ማሰሪያው እንዲህ። ሁለቴ አስደገምኳቸው። እጃቸው ጎበዝ ነው፣ ገባቸው። ገብቷቸው ሳለ ግን፣ አንቺ ልጅ፣ ከውሃው ይልቅ በጨርቁ ታምኛለሽ አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። አዘኑልኝ። አውራ ጣቷን ያንቀሳቀሰው ብርዱ እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

እሑድ፣ ህዳር 15። ከሰዓት

በቅደም ተከተል ልጻፍ፣ አለዚያ ዕብድ እሆናለሁ።

ልብሱን ሙቅ እንዲሆን ሌሊቱን ሆዴ ላይ አድርጌ አደርኩ። አብረን ወረድን። እኔ ከድንጋይ አጥሩ ውጭ፣ ግራሩ ሥር። እማሆይ ፅጌን አዝለው፣ ልብሱን ትከሻቸው ላይ ጥለው ገቡ። ፅጌ አንገቷን አዙራ ታየኛለች። ለምን አትገቢም አለችኝ። መጣሁ አልኳት።

ከዚያ ድምጿን ሰማሁ። ጩኸቷን አውቀዋለሁ፣ ሁልጊዜ ውሃው ሲያርፍባት አንዴ ትጮህና ትተዋለች። የዛሬው አልተወም። እማ፣ እማ፣ እማ። ሐሙስ ዕለት ያዩ ሴቶች ሁሉ እሷን ሊያዩ ከበዋታል መሰለኝ። ያንን ጩኸት የሷ ነው አላሉም። እግሯን ያሰረው መንፈስ ነው፣ ተቃጠለ፣ ሊለፈልፍ ነው አሉ። ጨምሩበት አሉ። እልልታ ተነሳ። ሴቶቹ ክፋት የላቸውም፣ እያለቀሱ ነው የሚጸልዩላት። እኔ ግን ልጄ የምትጠራው እኔን እንደሆነ አውቃለሁ። እናቷን ነው የምትጠራው! ብዬ ከውጭ ጮህኩ። እልልታው ዋጠኝ። አጥሩ ወገቤ ድረስ ነው፣ አንድ እርምጃ ነበር የሚበቃኝ። አልተራመድኩም።

እማሆይ ሲወጡ ልብሱ እንደታጠፈ ትከሻቸው ላይ ነው። ደረቅ። ፅጌ በእርጥብ ነጠላ ተጠቅልላ እቅፋቸው ውስጥ ናት፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። እጄን ዘረጋሁ። አትንኪያት አሉኝ። ጠበሉ ሳይደርቅባት አንቺ እንዳትነኪያት፣ ዛሬ ነገር ተፈጽሟል አሉ። ዓይናቸው በእንባ ተሞልቷል፣ ደስታቸውን ብታይ። ልብሱን ሰጡኝ።

እሺ አልኩ።

ዳገቱን እስከ ላይ ድረስ ልብሱን ይዤ ከኋላቸው ሄድኩ። የፅጌ ጭንቅላት ከትከሻቸው በላይ ይታየኛል። መጀመሪያ ትንቀጠቀጥ ነበር። በኋላ መንቀጥቀጧን ተወች። እማሆይ ይኸው ሞቃት አሉ።

ማክሰኞ፣ ህዳር 17። ጠዋት

ሳል። ትኩሳት። ትናንት ማታ ጀመራት። ወተት ሰጠኋት፣ አስወጣችው።

እማሆይ ሊወጣ ሲል ነው የሚብሰው ይላሉ። ሱባኤው እስኪያልቅ መድኃኒት አይቀላቀልባት አሉ። እሳቸው እህል ከቀመሱ ሁለተኛ ቀናቸው ነው፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ይሰግዳሉ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት። የምጣላው ሰው ቢኖረኝ ጥሩ ነበር፣ እሳቸውን እንዴት ልጣላ።

ዛሬ አልወረደችም። እሱን ብቻ እሺ አስባልኳቸው።

ሐሙስ፣ ህዳር 19። ጤ/ጣቢያ

እዚህ ነን። ከትናንት ጀምሮ። ስትተነፍስ ጎኗ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። እማሆይ ደጀ ሰላም ሲሄዱ ጠብቄ አዝዬ ወጣሁ፤ እንድሪስ ሱቁን ለልጁ ትቶ አብሮኝ መጣ። የሳንባ ምች ነው አሉ። መርፌ በየስድስት ሰዓቱ። በመርፌ ኖሬ መርፌ ሲገባባት ማየት አቃተኝ፣ ግድግዳ ግድግዳውን አየሁ።

ጤና ረዳቱ ወጣት ነው። መርፌውን ከወጋ በኋላ እግሯን አየ። አነሳ፣ ለቀቀ። ወደቀ። መቼ ጀመራት፣ ትኩሳት ነበራት ወይ፣ ጠየቀ፣ መለስኩ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና እህቴ አለኝ። የልጅነት ልምሻ ነው አለ። የሞተው እንደማይመለስ፣ መርፌም ክኒንም እንደሌለው፣ ሌላ ከተማ ብወስዳትም የሚነግሩኝ ይህንኑ እንደሆነ ነገረኝ። ጠበል አትውሰጂ አላለኝም። እሱም ማተብ አለው። ደረቷ ግን በዚህ ብርድ ሁለተኛ እንዲህ ከሆነ ለመትረፏ ቃል አልገባልሽም አለ።

አመሰገንኩት። ምን እንዳመሰገንኩት አላውቅም።

እዚህ አልጋው ጠርዝ ላይ ነው የምጽፈው። ተኝታለች። እግሯ ከብርድ ልብሱ ወጥቷል፣ ያምራል። ምንም ያልሆነ ይመስላል።

ዓርብ፣ ህዳር 27። ቤት

ወጥተናል። ትኩሳቱ ጠፍቷል፣ ሳሉ አለ። አንገቷ ቀጥኗል። ድና አይደለም የገባችው፣ ተርፋ ነው።

በክርኗ መሳብ ጀምራለች። ከአልጋው እስከ ደጃፍ። ሆዷ መሬት ይጠርጋል፣ እግሯ ከኋላ ይከተላል። ደርሳ ዞር ብላ አየችኝና ጎበዝ በይኝ አለች። ጎበዝ አልኳት። ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ምን አስለቀሰሽ ብትለኝ ደብተሬ፣ ጎበዝ ስለሆነች ነው።

እማሆይ ዛሬ መጡ። ጤ/ጣቢያ ሳለን ሁለቴ ብቻ ነው የመጡት፣ ደጅ ቆመው። እግር ታጥበው ተቀመጡ፣ ፅጌን አቀፏት፣ ሳሟት። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ። ሱባኤው በመርፌ ተቋረጠ፣ ሊድን የነበረ ነገር ተበላሸ፣ ጨርቁም ነበረበት፣ ወር አበባሽም ነበረበት፣ አልፈርድብሽም ልጅ ነሽ አሉ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ስለ ልምሻው ነገርኳቸው። ሐኪም የሰው እጅ ነው፣ ምን ያውቃል አሉ። ስለ አውራ ጣቷም ያኔ ነገርኳቸው፣ ብርዱ እንደነበር። አየት አደረጉኝ። ዓይንሽ ያየውን አፍሽ አይካድ አሉኝ።

ይህንን ደግሞ የማያምኑት ለክፋት አይደለም። ካመኑ የልጅ ልጃቸው መሬት ለመሬት ስትሳብ መኖሯ ነው። እኔም ካላመንኩ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ታህሳስ 4። ማታ

ካሳ መጣ። ጠቁሯል፣ ከስቷል፣ ወባ ይዞት ነበር። ሳቀ፣ ደጃፉ ላይ ፅጌ ብሎ ጠራት። ተስባ ወጣች።

ፊቱን አየሁት። እዚህ አልጽፈውም።

እናቱ ቀድመው መንገድ ላይ አግኝተውታል፣ አውራ ጣቷን፣ እልልታውን፣ መርፌውን፣ ሁሉንም በሳቸው አነጋገር ነግረውታል። ቆማ የሚያገኛት ነበር የመሰለው። ከሻንጣው ጫማ አወጣ። ቀይ፣ ትንሽ፣ ማሰሪያው ባለ ብር ቀለም። ፅጌ እጇን ዘረጋች። ስትሄጂ ነው የማደርግልሽ አላት፣ የኔ እመቤት፣ ስትሄጂ። ግድግዳው ላይ ምስማር መትቶ ሰቀለው። እሷም እሺ አለች። እሺታን ከማን እንደተማረች አውቃለሁ።

ጤና ረዳቱ ያለውን ነገርኩት። ስለ እግሯም፣ ስለ ደረቷም። እስከ መጨረሻ ሰማኝ፣ አላቋረጠኝም። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቴ ይሻላታል የምትለውን እንዴት ትቼ ያንን ልያዝ አለ።

እሑድ፣ ታህሳስ 6። ጠዋት

ተወሰነ። ከነገ ጀምሮ ሱባኤው ከአንድ ይጀመራል። እማሆይና ካሳ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጨርሰው ነው የመጡት። ካሳ አብሮ ይወርዳል፣ እሱ ይሸከማታል። ልብሱ ይቅር አሉ፣ አሁን በነጠላ ነው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ምን እንደምል ያውቃሉ።

ውርጩ ብሷል። ዛሬ ጠዋት የእንስራው አፍ ላይ ስስ በረዶ ነበር።

እሑድ፣ ታህሳስ 6። ከሰዓት 10 ሰዓት

ካሳ ጓደኞቹን ሊያይ ወጥቷል። እማሆይ ቤታቸው ናቸው። እኔና ፅጌ ብቻ።

ሁለት ቀን ሙሉ ጫማውን ስታይ ነው የከረመችው። ከአልጋው ትሳብና ግድግዳው ሥር ደርሳ አንገቷን ቀና አድርጋ ትቀመጣለች። አትጠይቅም። አሁን ጠየቀችኝ። ነገ ውሃው ውስጥ ብዙ ከቆየሁ ቶሎ እሄዳለሁ ወይ አለችኝ። ባልጮህስ? አልጮህም አለች። አፌን እይዛለሁ አለችና እንዴት እንደምትይዝ አሳየችኝ፣ በሁለት እጇ።

ደብተሬ፣ እስከ ዛሬ አንተ ላይ እንኳ አልጻፍኩትም። ፅጌ አትሄድም። ነገም፣ ከሱባኤውም በኋላ፣ ካደገችም በኋላ። ተስፋ የለኝም። እግ/ርን ስለ እግሯ መለመን አቁሜያለሁ፤ አሁን የምለምነው ስለ ትንፋሿ ነው።

ተነሳሁ። ጫማውን ከምስማሩ አወረድኩት። እንድታድግበት ብሎ ሰፊ ነው የገዛው፤ አፍንጫው ውስጥ ቁራጭ ጨርቅ ጎሰጎስኩ። አልጋው ላይ አስቀመጥኳትና አደረግሁላት። ቶሎ አልገባም፣ ቀስ ብዬ፣ ምንም የሚያስቸኩል የለም። ማሰሪያውን አሰርኩ። ፅጌ እግሯን አየች። እኔን አየች። ሄድኩ እንዴ አለችኝ። አልሄድሽም አልኳት። ጫማሽ ግን የኔ ነው ካልሽ ያንቺ ነው። የኔ ነው አለች።

ካሳ ሲገባ ያየዋል። ምን እንደሚል አላውቅም። ይጮህ ይሆናል፣ ያለቅስ ይሆናል፣ ወደ እናቱ ቤት ይሄድ ይሆናል። እማሆይ ደግሞ ገና ጎህ ሳይቀድ ደጅ ላይ ናቸው። ጠበል በጫማ አይወረድም፣ አውልቂላት ይሉኛል። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ እንቢ እላቸዋለሁ። ዛሬ ማታ አላወልቅላትም፣ አድርጋው ትደር። ነገ ሲመጡ ጫማዋን አድርጋ ነው የሚያገኟት።